እብነ በረድ ፍለጋ በሩቅ ምሥራቅ

ስኬትቦርድ በሚባለው ባለአራት ጎማ ሳንቃ ላይ ቆሞ ለሚንሸራተት ወጣት፥ የከተማ ውበት ሐውልቱ ሳይሆን ደረጃው፥ መደገፊያ ብረቱና ለስላሳው አደባባይ ነው።

ስለዚህም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሳይቀር ወደ ቻይናዋ ሼንዘን የሚሄዱ አሉ። ይህች ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ከተባለች ወዲህ በጥድፊያ ስለ ተሠራች፥ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ አደባባይ ሞልቶባታል።

በቶክዮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ ስፍራ ክልክል ስለ ሆነ ብዙዎቹ የሚወጡት ሌሊት ነው፤ ዘበኛ ብቅ ሲል ሳንቃቸውን ታቅፈው እብስ ይላሉ። ይሁን እንጂ ስኬትቦርድ በ2021 በዚያችው ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ፥ የወንዶቹን የመንገድ ውድድር ወርቅ የወሰደው የከተማዪቱ ልጅ ዩቶ ሆሪጎሜ፥ የሴቶቹንም የ13 ዓመቷ ጃፓናዊት ሞሚጂ ኒሺያ ናት።

ሜዳልያው አገር አኰራ፤ ደረጃው ግን ዛሬም ዘበኛ አለው።