ቤተ ልሔም፦ ከዛፉ፣ ከወፎቹና ከጦሩ በኋላ

የኖርስን አፈ ታሪክ ለማወቅ ዛሬ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ፊልሙ አለ፣ ጨዋታው አለ። የጎረቤቴ ልጅ የቶርን መዶሻ በስሙ ይጠራል፤ ኦዲን ጥበብ ፍለጋ አንድ ዓይኑን መስጠቱንም ይተርክልኛል። ደስ ይለኛል፤ እኔም ያንን ዓለም እወደዋለሁ። ኦዲን ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ በጦር ቆስሎ፣ ዘጠኝ ሌሊት ከቆየ በኋላ ሩን የሚባሉትን ምስጢራዊ ፊደላት አገኘ ይላሉ። ሁለት ቁራዎችም ዓለምን እየዞሩ ወሬ ያመጡለታል። ዛፍ፣ ጦር፣ ወፍ፣ ፊደል። ልጁ ይህን አውርቶ ሲጨርስ፣ "ያሬድስ?" አልኩት። "ትሉን ያየው?" አለኝ። ከዚያ አላለፈም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ሊቅ የያሬድ ታሪክም ዛፍ፣ ወፍና ጦር አለበት። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲያ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት አይስሙት። ያሬድንም ከኦዲን ጋር አንድ መደብ ላይ ማስቀመጤ አይደለም። የኖርስን ተረቶች በመጽሐፍ ካቆዩልን ሰዎች ዋናው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። እሱ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ ሲሆን አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል። ከዚያ አምልኮ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የደረሰ ዜማ የለም። የያሬድ ነገር ግን በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ ጋይንት በሚባለው አገር ውስጥ መምህር አለው፣ ተማሪ አለው፣ ፈተና አለው።

ታሪኩን በአጭሩ ልበለውና ልለፍ። በስድስተኛው መቶ ዘመን አክሱም የተወለደው ያሬድ ትምህርት እምቢ ይለዋል። መምህሩ አጎቱ ጌዴዎን ነበር፤ ቢገርፈው ጠፍቶ ይሄዳል። ማይ ኪራህ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ሲወጣ ያያል። ተመልሶም ይማራል። ኋላ ሦስት ወፎች ተልከውለት በግዕዝ ያናግሩታል፤ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ የሚያዜሙትን ሰምቶ ይመጣል፤ አክሱም ጽዮን ላይም ያሰማል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ዜማዎች ከዚያ የመጡ ናቸው ይባላል። (ትዝታና ባቲን ከእነዚህ ጋር የሚያቀላቅል ሰው ሞልቷል። እነዚያ የዘፈን ቅኝቶች ናቸው፤ ይተዉአቸው።)

በትሉ ነገር ግን ሆዴ ይቃጠላል። የምረቃ ንግግር ሁሉ ትሉን ዛፍ ላይ አውጥቶ ያበቃል። ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘበትን ጦር የያሬድ እግር ላይ ይተክለዋል። ደሙ ይፈሳል፤ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ሥዕሉን በየቤተ ክርስቲያኑ ያያሉ፤ ጦሩ እግሩ ላይ ቆሞ፣ ደሙ ወርዶ፣ የያሬድ ፊት ግን ምንም አልተለወጠም። ኦዲን ዕውቀቱን ለማግኘት ቆሰለ፤ ያሬድ ካገኘው በኋላ ቆሰለ፣ እሱም ሳያውቀው። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቅ ቢለው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄጄ ልመንን አለ። በዚያው ተሰወረ።

እሱ ቢሰወርም ዜማው ቀረ፤ ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በአብነት ትምህርት ለየሙያው ማስመስከሪያ ቤት፣ ማለትም ተማሪው ማወቁ የሚመሰከርለት ቦታ አለ። ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አምባ፣ ለድጓ፣ ማለትም ለያሬድ የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ፣ ቤተ ልሔም። ከአህመድ ግራኝ ጦርነት የተረፈው ድጓ ቤተ ልሔም እንደተገኘ ይተረካል፤ የቦታዋ ክብርም ከዚያ ይነሣል። ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉት ቤቶች የየራሳቸው የዜማ ስልት ቢኖራቸውም በብዛት የሚዜመው የቤተ ልሔም ነው። የውጭ አገር ሰዎች ቤተ ልሔምን የሚያውቋት በሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት መጥቶ ክቡ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ፤ መጽሐፍም ጻፈበት። ሕንፃው ያምራል። እኔ ግን ድጓው ላይ ልቆይ።

ድጓ ተከፍቶ አይተው ያውቃሉ? ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፤ የበዓሉ ስምና መሰል ነገሮች በቀይ ይገባሉ። በየመስመሩ አናት ላይ፣ ዓይን እስኪያም ድረስ የደቀቁ ፊደላትና ጭረቶች ተሰድረዋል። ሰው ሁሉ እዚህ ይሳሳታል። "ይህ የእኛ ኖታ ነው" ይላል፤ ዶ ሬ ሚ ማለቱ ነው። ሙዚቃ የተማረ አንድ ወዳጄ እንዲያውም ገጹን በስልኩ አንሥቶ ቤቱ ሄዶ በፒያኖ ሊያወጣው አሰበ። አብረን የነበርነው መሪጌታ ጋ ነበር። "የኔታ፣ ምልክቶቹን በዝርዝር ቢነግሩኝ የቀረውን ራሴ እወጣዋለሁ" አላቸው። መሪጌታ ሳቁ። "ልጄ፣ ዝርዝሩን ብሰጥህ ዝርዝር ይኖርሃል" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ጭረትና ነጥብ የሚመስሉት ስምንት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅንአት፣ ሂደትና ቁርጥ። ድርስና አንብርን ጨምሮ አሥር የሚል አለ። ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ። ሊቃውንቱ በጌታ ሕማማት ይተረጉሟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት ግርፋቱን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ። እነዚህን ጠንካራ ተማሪ ቶሎ ይለምዳቸዋል።

ጣጣው ያለው ደቃቆቹ ፊደላት ላይ ነው። ብዛታቸው ከ500 በላይ ሲሆን ሦስቱም ዜማዎች የየራሳቸው አሏቸው። አንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ማለት አይደለም። ፊደሉ በሌላ ቦታ ካለና ተማሪው አስቀድሞ በጆሮው ካጠናው የዜማ ሐረግ ተቆርጦ የመጣ ነው፤ "ይህን ቃል ያንን በምትልበት ዜማ በል" ይለዋል። አንድ ሰው "እንደ አጎትህ ሂድ" ቢልህ አጎትህ ሲራመድ ካላየህ ምንም አልነገረህም። ድጓም እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ለማያውቅ ቢከፈትለትም ዝም ይላል። ስለዚህ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ወዳጄን የትም አያደርሰውም። የመምህሩ አፍ ከሌለ ምልክቱ ቀለም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ምልክቱንም ያሬድ ራሱ ጻፈው ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ራሱ እንደዚያ አይልም። ፊደላቱን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ የታድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። ዘመኑን ያስተውሉት፤ የግራኝ ጦርነት ገና ማለፉ ነው። ሊቃውንቱ አልቀዋል፣ መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል። የሚያውቅ ሰው እንደልብ በነበረበት ዘመን ማስታወሻ ማን ይፈልጋል? ለእኔ ከሦስቱ ወፎች ይልቅ ይህ ይገርመኛል፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንድ ሺህ ዓመት በጆሮ የመጣን ነገር ሳይጠፋ በቁራጭ ፊደል ሲያስሩት።

ስለ ተማሪው ኑሮ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም፤ ደበሎው፣ አኩፋዳው፣ በየደጁ የሚለመነው ቁራሽ፣ ውሻው። የሚረሳው ግን ተማሪው የገዛ ድጓውን በእጁ መጻፉ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ብራናውን ወጥሮና ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ከዮሐንስ ጀምሮ ያለውን የዓመቱን ሁሉ ይገለብጣል፤ ምልክቱንም በየቃሉ አናት ይነቅሳል። መምህሩ ያርመዋል። አንድ ፊደል ከቦታዋ ከተንሸራተተች ዜማው ስለሚሳት ይፋቃል፣ እንደገና ይጻፋል። ዛሬ ወረቀትና የታተመ ድጓ አለ፤ በታተመው የተማረን ሰው የሚንቁ መሪጌቶች ግን አሁንም አሉ፤ እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነኝ።

ለጀማሪ አንድ ምክር አለኝ። ግንቦት 11 የያሬድ በዓል ነው፤ ማሕሌት በሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ይገኙ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ደርሶ "ዜማው አጭር ነው" የሚል ሰው የሰማው ማለቂያውን ነው። ከበሮና ጽናጽል ከመግባታቸው በፊት ያለውን ባዶ ድምፅ ይስሙ፤ ድጓው እሱ ነው። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ሲያበቃ አንዱን መሪጌታ ቀርበው "የየት ቤት ነዎት?" ብለው ይጠይቁ። ቤተ ልሔም ካሉዎት "ከማን አስመሰከሩ?" ብለው ያስከትሉ። መምህራቸውን ይነግሩዎታል፤ ቀጥለው የመምህራቸውን መምህር፤ ከዚያ ደግሞ የእሳቸውን። ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ባይጀምረው ይሻላል።