ጥይትን በእጅ መሙላት

ጥይትን በእጅ መሙላት ማለት ባዶ ቀለህን ወስዶ አዲስ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር በመግጠም ለመተኮስ የሚያገለግል ጥይት ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ይበልጥ የሚያያዘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከነበረው ከውጅግራ ጠመንጃ ጋር ነው። በሌላው ዓለም ዛሬ በስፋት ከሚሞሉት ጥይቶች መካከል የማግነም ሽጉጥ ጥይቶች ይገኛሉ። ሁለቱ በዘመንም በባሩድም ቢራራቁ የሚገዛቸው ደንብ አንድ ነው፦ አረሩ፣ ባሩዱና መሣሪያው እርስ በርስ መመጣጠን አለባቸው። አንዱን ለይቶ መለወጥ የሌሎቹን ሥራ ይለውጣል።

የጥይት ክፍሎች

በአማርኛ «ጥይት» የሚለው ቃል ሙሉውን ዕቃም ከአፈሙዝ የሚወጣውንም ክፍል ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ሙሉው «ጥይት»፣ ወጥቶ የሚሄደው ደግሞ «አረር» ተብሏል። አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት።

ቀለህ፦ ሌሎቹን ክፍሎች የሚይዘው፣ ብዙውን ጊዜ ከናስ የሚሠራው ዕቃ ነው። ሲተኮስ በግፊቱ ተለጥጦ ከመሣሪያው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙም ወደ ተኳሹ እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልፍ መልሶ ይኮማተራል። ቀለህ እንደገና ሊሞላ የሚችለው ናስ ይህ የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ ስላለው ነው።

መለኮሻ፦ በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገኝ ትንሽ ቆብ ናት። በመርፌው ስትመታ እሳት ትረጫለች።

ባሩድ፦ በፍጥነት ነድዶ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ነዳጅ ነው።

አረር፦ በጋዙ ተገፍቶ የሚወጣው፣ ከእርሳስ ወይም መዳብ ከለበሰ እርሳስ የተሠራው ክፍል ነው።

በመሣሪያው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት የሁለት ነገሮች ውድድር ውጤት ነው። ባሩዱ ጋዝ ያመርታል፤ አረሩ ደግሞ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ለጋዙ ቦታ ይለቃል። ጋዙ ቦታው ከሚሰፋበት ፍጥነት በላይ ከተመረተ ግፊቱ ይንራል፤ ልክ ካለፈ መሣሪያውን ይሰብራል። ስለዚህ አረሩ በከበደ ቁጥር ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ ያው የባሩድ መጠን የበለጠ ግፊት ይፈጥራል።

ውጅግራ

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ጠመንጃ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ ይህም «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው፤ ግራ የነደፈው መኮንን ስም ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ የወረቀት ጥይት ይጎርስ ነበር። ውጅግራ ግን 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ናስ ቀለህ ጥይት ይጠቀማል። አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ነው፤ ባሩዱ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤል ጠመንጃ ስትይዝ ብዛት ያለው ውጅግራ ትርፍ ሆነ። ከዚያም ከፊሉ በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ለገበያ ቀረበ። በዓድዋ ጦርነት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከታጠቃቸው ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር።

ጥይት በገበያ

አራዳ፣ በኋላ ፒያሳ የተባለው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በከተማዋ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚቆም የትልቁ ገበያ ቦታ ነበር። ዋናው መገበያያ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ ለዝርዝር አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ገንዘብ በፓሪስ አስመትተው ቢያወጡም ሕዝቡ ጠገራውን ወዲያው አልተወም።

ጠገራ ብር ለትንሽ ግዢ ይከብዳል፤ አሞሌ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ሲጓጓዝም ይሰበራል። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ተቆጥሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ አይበላሽም፤ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ጠመንጃ ላለው ሰው ደግሞ በራሱ ዋጋ አለው።

ይህ አገልግሎት በጥይቱ ላይ ባለው እምነት ላይ የቆመ ነው። አሞሌ ጎዶሎ መሆኑ በዓይን ይታያል። ቀለህ ውስጥ ያለው ባሩድ ግን አይታይም፤ ተለቅሞ በእጅ የተሞላ ጥይት ከፋብሪካ ከወጣው ጋር በሩቁ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲተኮስ ብቻ ነው። ዛሬም በእጅ የሚሞላ ጥይት መሠረታዊ ችግር ይኸው ነው።

የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ሆነ። ፒያሳ የሚለው ስምም የዚያው ዘመን ቅሪት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የቆመው በዚሁ በፒያሳ ነው።

ጥቁር ባሩድ፦ በስፍር የሚሞላ

ጥቁር ባሩድ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ የተደባለቁበት ነው። የውጅግራ ጥይት ያለ ፋብሪካ ሊሞላ የቻለው በሦስት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ የጥቁር ባሩድ የመንደድ ፍጥነት ግፊቱ ሲጨምር ብዙም አይለወጥም። ትንሽ መብዛቱ ወይም ማነሱ የአረሩን ፍጥነት ይለውጣል እንጂ ግፊቱን በድንገት አያንርም።

ሁለተኛ፣ ቀለሁ የተሠራው በባሩዱ እንዲሞላ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሚዛን ሳያስፈልግ በስፍር መሙላት ይቻላል፤ በስህተት ሁለት እጥፍ ልሙላ ቢባል ቀለሁ አይችለውም፣ ባሩዱ ይፈስሳል።

ሦስተኛ፣ በዚያ ፍጥነት ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። እርሳስ ደግሞ በተራ እሳት ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል።

ጉዳቱም አለው። ከባሩዱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያጋልጣል፤ ጥላሸቱ እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል።

ጭስ አልባ ባሩድ፦ በሚዛን የሚሞላ

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። በእኩል ክብደት ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ዋናው ልዩነት ግን ግፊት በጨመረ ቁጥር የመንደዱ ፍጥነት መጨመሩ ነው፤ ፍጥነቱ መልሶ ግፊቱን ይጨምራል። ስለዚህ ጥቂት ብልጫ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አምራቾች ይህን ጠባይ የሚቆጣጠሩት በቅንጣቱ ቅርጽ፣ መጠንና ሽፋን ነው። በዚህም ፈጣንና ዝግተኛ ባሩዶች ይለያሉ። ሁለቱ በዓይን ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱን በሌላው ስፍር መሙላት ግን መሣሪያን የሚያፈነዳ ስህተት ነው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ውጅግራ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ መሙላትም እንዲሁ ነው።

የማግነም ሽጉጥ

እ.ኤ.አ. በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 357 ማግነም የተባለውን ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይት አወጣ። መነሻው 38 ስፔሻል የተባለው ቀደምት ጥይት ነው። የማግነሙ ቀለህ ከእሱ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲረዝም ተደረገ። ማርዘሙ ያስፈለገው ከፍተኛ ግፊት ያለው አዲሱ ጥይት በደካማው አሮጌ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት ከ38 ስፔሻል በእጥፍ ይበልጣል።

መጀመሪያ ሲወጣ 10 ግራም ያህል የሚመዝነው አረሩ ከረጅም የሽጉጥ አፈሙዝ በሰከንድ 460 ሜትር ገደማ እንደሚወጣ ተገልጾ ነበር። ይህ ከውጅግራ ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ውጅግራ ግን ለዚህ ፍጥነት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም አፈሙዝ አለው፤ ሽጉጡ 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ባሩድ ሲመረጥ፦ ለቀላል አረርና ለዝቅተኛ ግፊት ፈጣን ባሩድ ይስማማል። ለከባድ አረርና ለሙሉ ጉልበት ግን ዝግ ያለ ባሩድ ይመረጣል፤ አረሩ መንገድ እስኪጀምር ጋዙን እያከታተለ ስለሚሰጥ ግፊቱ በአንድ ቅጽበት አይከመርም። ዝግተኛው ባሩድ በቀላል አረር ከተሞላ ወይም ከተገቢው በታች ከተደረገ ግን በደንብ አይነድም፤ ያልነደደ ቅንጣት ይቀራል፣ ፍጥነቱም ከጥይት ጥይት ይለያያል።

አረር ሲመረጥ፦ ለስላሳ እርሳስ በማግነም ፍጥነትና ሙቀት በአፈሙዙ ጥምዝ መስመሮች ላይ ይለጠፋል። መፍትሔው እርሳሱን በቆርቆሮና በአንቲሞኒ ማጠንከር፣ ከኋላው የመዳብ ቆብ ማድረግ ወይም በሙሉ መዳብ ማልበስ ነው። የአረሩ ስፋት ከአፈሙዙ ልክ ጋር መጣጣም አለበት፤ የጠበበ አረር ጋዝ ያሾልካል።

በባለ ጎራሽ ሽጉጥ ሌላም ጉዳይ አለ። አንዱ ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ስለሚረግጥ በቀሩት ቀዳዳዎች ያሉት አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ሊሳቡ ይችላሉ። አንዱ አልፎ ከወጣ መሽከርከሪያው ይቆለፋል። ስለዚህ የቀለሁ አፍ በአረሩ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታጠፋል። ይህ ዝግተኛ ባሩድ በደንብ እንዲቀጣጠልም ይረዳል።

የጥቁር ባሩድ ዘመን ያወረሰው አንድ አደጋም አለ። 38 ስፔሻል መጀመሪያ የተነደፈው ለጥቁር ባሩድ ስለነበር ቀለሁ ሰፊ ነው። ፈጣን ጭስ አልባ ባሩድ ከዚህ ስፋት ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ቢሞላ አይፈስስም፣ በውጭም አይታይም። ባሩድ አምራቾች ለየአረሩ ክብደት መነሻና ከፍተኛ መጠን የያዘ ሰንጠረዥ የሚያሳትሙት፣ ሞዪዎችም ከመነሻው ጀምረው እያንዳንዱን በሚዛን የሚመዝኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ የተከለከለ ነው። በየቤቱ የሚገኙ የአያት ቅድመ አያት የውጅግራ ጥይቶች ዛሬ ዋጋቸው የታሪክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መለኮሻ አይታመንም፣ ናሱም ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። በውስጡ ያለውን ባሩድ ማን፣ መቼና በምን ስፍር እንደሞላው ከውጭ አይቶ መናገር አይቻልም። እንዲህ ያለ ጥይት ሲገኝ ሳይፈቱትና ሳይተኩሱት ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።