ጨሌ ጌጥ ነው ወይስ ሂርዝ? ስለ ወለጋ ሴቶች የዶቃ አምባር

የኦሮሞ ሴቶች ከባህል ልብሳቸው ጋር የሚያደርጉት ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የዶቃ ጌጥ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ይሸጣል። በኦሮምኛ ስሙ «ጨሌ» ነው። ይህን ስም ሲሰሙ ወደ ኋላ የሚሉ ሙስሊም ገዢዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ምክንያት አላቸው። በወሎም ሆነ በሸዋ ጨሌ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዛርንና አቴቴን፣ በሳጥን ተደብቆ ቡና የሚፈላለትን ዶቃ ነው። በወለጋም ለአቴቴ ሥርዓት የሚደረግ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ጨሌ ነበር።

ይሁንና ክልከላው ያረፈው በዶቃው ላይ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ተሚማን ነው፤ ከዓይን ወይም ከበሽታ ይጠብቀኛል ተብሎ የሚንጠለጠለውን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ የጠፋባቸው የአንገት ሐብል ከየመን ዘፋር በመጣ የከበረ ድንጋይ የተሠራ እንደነበር በቡኻሪ ዘገባ እናገኛለን። ስለዚህ ሻጯ «ለዓይን ነው» ካለች ተዉት፤ ለጌጥ ከተሠራ ጌጥ ነው። (ውዱእ ላይ ጠበቅ ያለ አምባር ውኃ እንዳይከለክል ማንቀሳቀስ እንዳትረሱ።)

ዶቃው ራሱ ከጥንትም ከውጭ የሚመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቬኒስና ከቦሄሚያ ተጭኖ ምጽዋ የሚደርሰውን ዶቃ ወደ ውስጥ ከሚያዘልቁት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል ዓባይን ተሻግረው በኦሮሞ አገር ይሸጡትና ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዘው ይመለሱ ነበር።

ዛሬም የመስታወት ዶቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የገጠሯ እህት ምርቷን በዚያው ልክ ማስወደድ አትችልም፤ ገዢው ይሸሻታል። የሷ ድርሻ የጣቷ ድካም ብቻ ነውና ጭማሪው የሚቀነሰው ከእሱ ላይ ነው። በወለጋ ባለፉት ዓመታት የነበረው ግጭት መንገድና ገበያ ማወኩ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል።

ሥራው ግን ለእናቶች የተመቸ ነው። መሬትም በሬም አይጠይቅም፤ ቀጭን መርፌ፣ ናይለን ክርና መቆለፊያ ይበቃል፤ ልጅ ሲተኛም ይሠራል። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽም (ረ.ዐ) በእጃቸው ሠርተው ከዚያው ሰደቃ ይሰጡ ነበር። የሚጎድለው የዶቃ መግዣ ገንዘብ ነው። ዶቃውን በዱቤ ከወሰደች፣ አምባሩን በርካሽ ለአበዳሪዋ ለማስረከብ ትገደዳለች።

እዚህ ላይ ከክርክር ይልቅ የሚጠቅማት አከፋፈላችን ነው። ፊቅህ «ሰለም» የሚለው ውል አለው፦ ዕቃው ሳይደርስ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፤ ዓይነቱ፣ ብዛቱና የመረከቢያው ቀን ግን ቀድሞ መታወቅ አለበት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች በተምር ላይ ሲያደርጉት አግኝተው ልኩና ቀኑ ይታወቅ አሉ እንጂ አልከለከሉም። ተሠርቶ ለሚቀርብ ዕቃ ደግሞ «ኢስቲስናዕ» አለ፤ ክፍያውን ከፋፍሎ መስጠትም ይቻላል። ለኒካሕ ወይም ለዒድ ሃያ አምባር የምታዝዝ እህት ቀለሙን፣ ስፋቱንና ቀኑን ተስማምታ ቢያንስ የዶቃውን ዋጋ ቀድማ ብትሰጥ፣ ሠሪዋ ከዱቤ ነጋዴው ደጅ ሳትቆም ሥራዋን ትጀምራለች።