እናት በገጠር፣ ልጅ በከተማ፤ ድምፃቸው ስለምን ተለያየ?

ጤፍ ተወደደ ሲባል ፊቱ የማይጠቁር የከተማ ቤት የለም። ደሞዝ በተቀበላችሁ ማግሥት እህል በረንዳ ወርዳችሁ ወይም ከሠፈራችሁ ወፍጮ ቤት ጎራ ብላችሁ ዋጋ ስትጠይቁ፣ ነጋዴው የሚጠራው ቁጥር ካለፈው ወር ከፍ ብሎ ከሆነ ማማረራችሁ አይቀርም። ረክሶ ካገኛችሁት ደግሞ “ተመስገን” ትላላችሁ። ይህ የማንኛዋም ቤት አስተዳዳሪ ወግ ነው። ነገር ግን በዚያው ዕለት፣ ሲታረም ስታርም፣ ሲታጨድ ስታጭድ ከርማ እህሏን በአህያ ጭና ገበያ ያወጣችው የአድአ ወይም የበቾ ገበሬ ሚስት የምትለው የእናንተን ተቃራኒ ነው። እናንተ ተመስገን ባላችሁበት ዋጋ እርሷ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ አጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስለ ምርጫ ለመጻፍ ተነሥቼ ወሬዬን ከጤፍ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማና የገጠር ሕዝብ ድምፅ ስለምን እንደሚለያይ ሲጠየቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት፣ ከጋዜጣና ከቴሌቪዥን አያልፍም። ያም አለበት። እኔ ግን ጉዳዩ ከጓዳ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙትም የሚጣሉትም በዚያች በአንዲት ኩንታል ላይ ነው።

በአገራችን ይህ ልዩነት አፍጥጦ የወጣው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ነው። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ የከተማው ሰው ሥራውን እየተወ ያዳምጥ እንደነበር፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ በሰው ባሕር መጥለቅለቁንም ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ድምፁ ሲቆጠር ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የመጨረሻው ይፋዊ ውጤት ከ547 መቀመጫ 327ቱን ለኢሕአዴግ፣ 109ኙን ለቅንጅት፣ 52ቱን ለኅብረት ሰጠ። “ጎረቤቶቼ ሁሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አንድ ዓይነት መርጠን እንዴት ሌላው አሸነፈ?” የሚለው ጥያቄ የአዲስ አበባን ሰው ሰላም ነሣው። ተቃዋሚዎቹ ድምፅ ተሰርቋል አሉ፤ መንግሥት አስተባበለ። ክርክሩ ወደ አደባባይ ወጥቶ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም አፈሰሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ባቀረበው ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸው ተገልጿል። ከእነዚያ ከሟቾቹ ወገን ስንቷ እናት እንደሆነች የምታነባው ቁጥሩ አይነግራችሁም።

የቆጠራውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያውያን 84ቱ የሚኖሩት በገጠር ነበር። አዲስ አበባ ከአገሩ ሕዝብ 4 ከመቶ ያህሉን፣ ከምክር ቤቱም መቀመጫ 4 ከመቶ ያህሉን ነበር የያዘችው። እንግዲህ ዋና ከተማይቱ አንድ ልብ ሆና ብትመርጥ እንኳ አገር የሚያስተዳድረውን የሚወስነው ገጠሩ ነው። ከተሜው በየዕለቱ የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚነጋገረው ከከተሜ ጋር ስለሆነ ይህን ይረሳዋል።

ደግሞም ከተማው ሁሉ ተቃዋሚ፣ ገጠሩ ሁሉ የመንግሥት ደጋፊ ነበር ማለት ስሕተት ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ገበሬው ተቃዋሚዎችን የመረጠባቸው የገጠር ወረዳዎች ጥቂት አልነበሩም። “ባላገር ምን ያውቃል! ያሉትን ይመርጣል” እያሉ በቡና ላይ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። በበኩሌ ይህን አነጋገር ስሰማ ደስ አይለኝም። ባላገሯ እኮ የብዙዎቻችን እናት ናት።

እስቲ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ከጎጃም ወይም ከመንዝ ልጇን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ትመጣለች። ልጅቱ በመሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የቤት ኪራይ ያንገሸገሻት ናት። የምርጫ ወሬ ይነሣል። “እማዬ፣ መቼም እነሱን አልመረጥሽም?” ብላ ልጅ ትጠይቃለች። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ትላለች። ቆይታም “አንቺ ልጄ፣ አንቺ ጧት ቢሮ ገብተሽ ማታ ቤትሽ ነሽ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ያ ሰውዬም እዚያው ነው” ትላለች። ሰውዬው ማን ነው? የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። የከተማዋ ልጅ ከቀበሌዋ የምትፈልገው መታወቂያና አንዳንድ ማስረጃ ነው። የእናቲቱ ቀበሌ ግን መሬቷን የሚመዘግብ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ተራ የሚያስይዝ፣ የብድሩን ዋስትና የሚጽፍ፣ በድርቅ ጊዜ ለእርዳታ ስም የሚያሰፍር ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች የሚለዩትም በዚያው በቀበሌ በኩል ነው። በሕግ የድምፅ አሰጣጡ ምሥጢር ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ወይም አንድ ጽሕፈት ቤት ይህን ሁሉ በእጁ በያዘበት መንደር፣ ምሥጢር ምሥጢር ሆኖ ይቀራል ብሎ ማመን ድፍረት ይጠይቃል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ያሉት አባቶቻችን ሞኞች ስለነበሩ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ መሬቱ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ይጠቀምበታል እንጂ አይሸጠውም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ድልድል የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። በዚያ ጊዜ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ ሲያገኙ፣ “ቢሮክራት” እና “የፊውዳል ቅሪት” የተባሉት ደግሞ ይዞታቸው ተቆርሶ ለሌላው ተሰጠ። እንግዲህ በአንድ መንደር ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ድልድሉ ያቋቋማት፣ ሌላዋ ድልድሉ ያደኸያት፣ ስለ መንግሥት አንድ ዓይነት ሐሳብ እንዲኖራቸው ማን ይጠብቃል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መጣ። በአማራ ክልል በዚህ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። ከተማ ለምንኖር ሴቶች ይህ ተራ ነገር ሊመስለን ይችላል። ባሏ ቢፈታት ወይም ቢሞት ያለ አንዳች ነገር ወደ ወላጆቿ ትመለስ ለነበረችው ሴት ግን ደብተሩ የምትቆምበት ምድር ነው። ምርጫ ሲመጣ ይህን ደብተር የሰጠውንም፣ ሊነጥቅ የሚችለውንም ታስባለች።

የከተማና የገጠር ጥቅም መጋጨት በ1997 አልተጀመረም። በዘውዱ ዘመን በወጣው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት 200,000 ሕዝብ ላለው አንድ የምርጫ አውራጃ 2 እንደራሴዎች ሲመደቡ፣ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ለብቻው 1፣ ከዚያም በላይ ለየ50,000 ሰው ተጨማሪ 1 ይሰጠው ነበር። ሒሳቡን ለምታውቁ፣ የከተማ ሰው ድምፅ ከባላገሩ ድምፅ እጥፍ ይመዝን ነበር ማለት ነው። እንደራሴ ለመሆንም ርስት ወይም ሀብት ያስፈልግ ስለነበር ጢሰኛው ከነአካቴው በሩ ተዘግቶበታል። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተመረጡት በዚያው ሕገ መንግሥት ሥር በተደረገው ምርጫ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። ጢሰኛው መሬት፣ የከተማው ድሀ ደግሞ ርካሽ የቀበሌ ቤት አገኘ። በአምስት ወር ውስጥ ሁለቱም ደስ ያላቸው ያኔ ነበር። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነ ኮታ በመንግሥት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ እናቶች፣ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ ካርድ ይዛችሁ የተሰለፋችሁትን አትረሱትም። የዚያ ወረፋ እህል ከየት ይመጣ ነበር? ከገበሬው ነበር፣ ያውም ከገበያ ዋጋ በታች። ኮታው የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም ነበር። ከዚያ ላይ የመንደር ምሥረታውና ብሔራዊ ውትድርናው ሲታከል፣ በ1967 “መሬት ለአራሹ” ሲባል እልል ያለው መንደር በሰማንያዎቹ መግቢያ ለመንግሥቱ የሚያለቅስለት ልብ አልነበረውም። ኮታው የተነሣው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። የከተማ ነዋሪ የጠገበበት እንጀራ ገበሬውን ምን እንዳስከፈለው በጊዜው የጻፈ ጋዜጣ ማግኘት ይቸግራል።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሚዛኑ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲያጋድል ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እጅግ በዝቶ ዋጋው ሲወድቅ ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ በሬውን እስከ መሸጥ ደረሰ፤ በከተማ ግን ማንም አልተቆጣም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ የመንግሥት ዓይን ወደ ከተማ ዞረ። በ1998 ዓ.ም. ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ታገደ፤ የዋጋ ንረቱ በከፋበት በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በድጎማ ስንዴ ተሸጠ፤ የኮንዶሚኒየም ግንባታው ተፋፋመ፤ ከዕጣውም 30 ከመቶ ለሴቶች ተለየ። ከእናንተ መካከል በዚያ ዕጣ ቤት የወጣላችሁ አላችሁ። ጤፍ እንዳይላክ መታገዱ ለእኛ ምጣድ ጠቀመ፤ የገበሬዋን የዋጋ ተስፋ ግን አጠበበባት። ከተማው በድምፁ ተቆጥቶ ጥቅም አገኘ ብል የምጋነን አይመስለኝም። ያ ያልተቆጣው ገጠር ምን አገኘ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አገኘ እላለሁ፤ ይህም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በእህሉ ዋጋ ላይ የሚከራከርለት አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከ547 መቀመጫ ያገኙት 1 ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአዲስ አበባ። በ2007 ዓ.ም. ያም ቀረ። በወረቀት ላይ ከተማውና ገጠሩ አንድ ዓይነት የመረጡ መስለው ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት በየክልሉ የተነሣው ተቃውሞ፣ ያውም በገጠር ከተሞችና በገበሬ ልጆች የተጀመረው፣ ወረቀቱ ያላሳየውን አሳየ። በኦሮሚያ የተቃውሞው አንዱ መነሻ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን እንደነበር አስታውሱ። አንዱ ቤት የሚሠራበት ቦታ ለሌላው ማሳው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመልሳችሁ። ገጠሩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የማያስፈልጋችሁ ብዙ ናችሁ። ልጆቻችሁን ይዛላችሁ የምትውለው፣ እንጀራውን የምትጋግረው ሠራተኛ ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ሆኗት ይሆናል። በሕጉ መሠረት 18 ዓመት የሞላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረች ዜጋ የመመዝገብ መብት አላት። አብዛኞቹ ግን ከትውልድ መንደራቸው የምርጫ መዝገብ ወጥተው በከተማው መዝገብ ሳይገቡ ይቀራሉ። መታወቂያ የላቸውም፤ ምዝገባው በሚካሄድበት ሰዓት ከጓዳ የሚለቃቸው የለም፤ እሑድም የሥራ ቀናቸው ነው። የገጠሩንም የከተማውንም ኑሮ በአንድ ትከሻዋ የተሸከመች፣ ጤፍ ሲወደድ እናቷ እንደምትደሰት፣ እመቤቷ እንደምትቆጣ የምታውቅ እርሷ ናት፤ ድምፅዋ ግን በየትኛውም ሣጥን ውስጥ የለም። ስታገኟት ጠይቋት። የምርጫ ካርድ አውጥታ ታውቃለች? መታወቂያ ለማውጣት ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ብትሄድስ፣ ግማሽ ቀን ልጆቹን የሚይዝላት ማን ነው?