አቀንጭራን በጥቂት ወጪ ስለ መከላከል

በጸሎትና በስጦታ የምትረዱን ወገኖች፣ «የማሽላው አረም ይህን ያህል ካስቸገረ ለገበሬው የአረም መድኃኒት ለምን አትገዙለትም?» ስትሉ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው ከመሬት በታች ነው።

በሀብሩ ቆላ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ማሽላ የሚዘራውን ሰው የሚያስመርረው አረም አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዲት ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ስለሚቆይ፣ ገበሬው ባየው ጊዜ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። መድኃኒት በላይ ያለውን ቢያደርቅም የተበላውን አይመልስም። ስጦታችሁን በዚያ ላይ ያላዋልነው ስለዚህ ነው።

በእጅ መንቀልስ? ለዘንድሮ ሰብል ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ለሚመጡት ዓመታት ግን ትልቅ ነው፣ ይኸውም ሳያብብ ከተነቀለ ነው። ዘር የቋጠረውን ነቅሎ ድንበር ላይ መጣል ወይም ለከብት መስጠት፣ ዘሩን በጎርፍና በእበት ወደ ጎረቤት ማሳ መላክ ነው፤ መቃጠል አለበት። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ምሳሌ ባለ እርሻው እንክርዳዱን እስከ መከር እንዲተዉት አዟል። አቀንጭራን እስከ መከር የሚተው ገበሬ ግን ለልጆቹ ጭምር ይዘራዋል።

ከሁሉ የሚረክሰው ሰብል ማፈራረቅ ነው። አቀንጭራ በማሾና በሽምብራ ላይ አይኖርም። ሰሊጥና ጥጥ እንዲያውም ዘሩን ቀስቅሰው የሚጠባው ሥር ስለሚያሳጡት ይሞታል። ፍግም ይረዳል፤ አፈር ሲደኸይ አቀንጭራ ይበረታልና።

የሚቋቋም ዘርም አለ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በአገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ የሚታወቀው ከተማ ስም ነው። ሌላው አብሽር ነው። ሁለቱም ፈጥነው ይደርሳሉ፣ አገዳቸው ግን አጭር ነው። ብዙ ገበሬ ስለዚህ አይወዳቸውም፤ እኛም ይህን ግትርነት አንለውም። አገዳ የበሬ መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። ስለዚህ ማሳውን በሙሉ ሳይሆን አቀንጭራ የባሰበትን ቁራጭ ብቻ እንዲዘሩበት እንመክራለን። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ሀብሩ ውስጥ ስለሆነ ሠራተኞቻችን ስለ ዘር ምክር ለመጠየቅ ሩቅ አይሄዱም።

ጉባኤዎች ሁለት ነገር ልታደርጉ ትችላላችሁ። አንደኛው ለማሾ ዘር መግዣ ማዋጣት ነው። ሁለተኛው፣ በአካባቢው ያላችሁ ወጣቶች አረሙ ሳያብብ በደቦ ወጥታችሁ መንቀል ነው። የአንዱ ማሳ ጸድቶ የጎረቤቱ ከቀረ ዘሩ ይመለሳልና ከዳር እስከ ዳር ይነቀል፤ ጉልበት ከሌላቸው መበለቶችና አረጋውያን ማሳም ይጀመር።