ጭንቀትና ክፉ ሕልም፦ ሁሉም ከሰይጣን ነውን?



ሌሊት ባንናችሁ፣ ልባችሁ እየደለቀ፣ ላብ አጥምቋችሁ አልጋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጸልያችሁ ተኝታችሁ ሳለ ያው ክፉ ሕልም ተመልሶ መጥቶባችሁ ያውቃል? ብዙ ምእመናን በዚህ ይቸገራሉ፤ ነገር ግን «እምነቱ ደክሟል» ወይም «መንፈስ አለበት» እንዳይባሉ ፈርተው ዝም ይላሉ።

በተለይ ኑሮ ከሥሩ ሲናጋ ይህ ችግር ይበረታል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪዎች ለረጅም ዘመን ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው እንደ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ሄደዋል። ይህን የምናነሣው ስለ ልማቱ ለመከራከር አይደለም፤ የሰውን ልብ ለማየት ነው። ሰው ከአራዳ ሲነሣ ቡና የሚጠራሩት ጎረቤት፣ ዕድሩ፣ በእግር የሚደርስበት ጸሎት ቤት፣ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት ሥራ አብረው ይርቁበታል። ቀን በጉዳይ ሲሯሯጥ ያልተሰማው ሐዘን ሌሊት በሕልም ይመጣበታል፤ የፈረሰ ቤት፣ የጠፋ ልጅ፣ መውጫው የማይታወቅ መንገድ ያያል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከሰይጣን ነውን?

1. ሕልም ሁሉ መልእክት አይደለም

እግዚአብሔር በሕልም እንደሚናገር እናምናለን። ዮሴፍ ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ የተነገረው በሕልም ነበር (ማቴ. 2፥13)። ይሁን እንጂ ይኸው መጽሐፍ ቅዱስ ከጉዳይ ብዛት የተነሣም ሕልም እንደሚታይ ይነግረናል (መክ. 5፥3)። ልዩነቱን አስተውሉ። ለዮሴፍ የመጣው ቃል ግልጽ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግና ወዴት እንደሚሄድ ነገረው። ከጭንቀት የሚመጣ ቅዠት ግን ፍርሃት ጥሎብን ይሄዳል እንጂ መንገድ አያሳይም።

ስለዚህ አንዲት እናት ልጇ ሲሞት በሕልሟ ብታይ ልጁ ይሞታል ብላ አትደምድም። ሕልሙ የሚያሳየው ልጇን ምን ያህል እንደምትወድና እንደምትሰጋለት ነው። ለሕልም ፍቺ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰውም ራቁ።

ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ አልጋው ያሳርፈው መስሎት ሳለ በሕልም ይደነግጥ ነበር (ኢዮብ 7፥13-14)። አሳፍም እንቅልፍ አጥቶ ነበር (መዝ. 77፥4)። እነዚህ እምነት የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም።

2. ዱካክ ምንድን ነው?

አንዳንዶች ሌሊት ነቅተው ዓይናቸው እያየ መንቀሳቀስም መጮህም ያቅታቸዋል፤ ደረታቸው ላይ አንድ ነገር የተጫናቸው ይመስላቸዋል። ሕዝባችን ይህን ዱካክ ይለዋል፤ ብዙዎችም ክፉ መንፈስ ነው ብለው ይሸበራሉ። የሕክምና ባለሙያዎች ግን እንዲህ ያስረዱታል፦ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ያለምነውን እንዳናደርግ ሰውነታችን ለጊዜው ይታሰራል። አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ያ እስር ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከዚያም ራሱ ይለቃል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል፤ በጀርባ መተኛትም እንዲሁ።

ክፉ መንፈስ የለም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በድካም የመጣውን ሁሉ ለሰይጣን ብንሰጠው የማይገባውን ስፍራ እንሰጠዋለን፤ የደከመውን ወንድማችንንም በላዩ ላይ እናስፈራዋለን።

3. እግዚአብሔር ለኤልያስ በመጀመሪያ ምን አደረገለት?

ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር ግን ወዲያው አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና ተኛ፤ እንደገናም በላ (1ነገ. 19፥4-8)። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነታችንን የፈጠረ አምላክ እንቅልፍና ምግብ እንደሚያስፈልገን ያውቃል። እንግዲያው በጭንቀት እህል አልዋጥ ያለውንና ለሳምንታት ያልተኛውን ሰው «ጾምህን ጨምር» ከማለታችን በፊት እናብላው፤ እናሳርፈው።

4. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ) የምሽቱን ቡና ተዉ። ከጠጣነው ቡና የሚያነቃው ንጥረ ነገር ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነታችን ውስጥ ይቆያል።

ለ) ከመተኛታችሁ በፊት የሚያስጨንቃችሁን ነገር በወረቀት ጻፉ። በእያንዳንዱ አጠገብ ነገ ልታደርጉ የምትችሉትን አንድ ነገር አስቀምጡ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየጠራችሁ ለእግዚአብሔር አስታውቁ (ፊል. 4፥6-7)። በጅምላ «ጭንቀቴን ውሰድ» ከማለት የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የሥራውን ርቀት በየስሙ መጥራት ይሻላል።

ሐ) ከቅዠት ስትባንኑ መብራት አብሩ፤ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፤ የት እንዳላችሁና ቀኑ ምን እንደሆነ ለራሳችሁ ንገሩ፤ ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ቅዠት ሊነጋጋ ሲል የሚበዛው በዚያን ሰዓት የሕልም እንቅልፍ ስለሚረዝም እንጂ ሰዓቱ የተለየ ክፉ ሰዓት ስለሆነ አይደለም። በ20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመለሳችሁ ከአልጋ ተነሥታችሁ እስኪመጣ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ።

መ) የሚደጋገመውን ሕልም በቀን ብርሃን ጻፉት፤ መጨረሻውንም እናንተ ለውጡት። ጠፍቶ ያያችሁት ልጅ ሲገኝ፣ የተዘጋው በር ሲከፈት አድርጋችሁ ጻፉ። ይህን አዲስ ሕልም በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በልባችሁ ተመላለሱበት። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለቅዠት የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ ነው። እጅግ ከሚያስፈራው ሕልም ሳይሆን ከቀለለው ጀምሩ።

5. የተበተኑትን ጎብኙ

እርስ በርሳችን ሸክማችንን እንድንሸከም ታዘናል (ገላ. 6፥2)። ሽማግሌዎችና የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ከፒያሳ ተነሥተው ሩቅ የሄዱ ምእመኖቻችሁን ስም ዝርዝር ያዙ። ከኅብረቱ የቀረችው እናት ጌታን ትታ ላይሆን ይችላል፤ የታክሲው ገንዘብ ከብዷት ይሆናል። ስልክ ደውሉላት፤ ሄዳችሁም ቡናዋን ጠጡ። ሕልሟን ስትነግራችሁ ለመፍታት አትቸኩሉ፤ አድምጧት፤ አብራችኋት ጸልዩ።

6. ሕክምና የእምነት ማነስ አይደለም

ቅዠቱ ወይም ጭንቀቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ሥራና ቤትን ማስተዳደር ካቃተ፣ ወይም አስደንጋጭ ነገር በቀንም በዓይን ላይ እየመጣ ካስቸገረ ሐኪም ማየት ይገባል። መሞትን የሚመኝ ሰው ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ብቻውን አትተዉት። በመርካቶ አቅራቢያ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው፤ ዛሬ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው ቅዠት ስለሚያመጡ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ማንም «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል» ቢላችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደ ብሎ ጠርቶታል (ቆላ. 4፥14)።

ወገኖቼ፣ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ወደ ባቢሎን ለሄዱት እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል ደብዳቤ ልኮላቸው ነበር፤ በዚያ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ (ኤር. 29፥5-7)። ለቀድሞ ቤታቸው ማልቀስን አልከለከላቸውም፤ በአዲሱም ስፍራ ከእነርሱ ጋር እንዳለ አሳወቃቸው። በአራዳ ስትኖሩ የጠበቃችሁ ጌታ በገላን ጉራም አያንቀላፋም። ዛሬ ማታ ስትተኙ ይህን አስቡ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ጭንቀታችሁን ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ።

የሰላም አምላክ እንቅልፋችሁን ይባርክ። አሜን።