ሥርዓተ ምቱን ስለ ሳተ ልብ

የሰው ልብ ከላይ ሁለት ከታችም ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፥ በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ካለች ጥቂት ሥጋ በሚነሣ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ እየተመራ፥ ባለቤቱ ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ በልክና በሥርዓት ይመታል። ሊቃውንተ ሕክምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ብለው የሚጠሩት ደዌ በገባበት ልብ ግን፥ ትእዛዙ ከአንድ ስፍራ መነሣቱ ቀርቶ ከየአቅጣጫው ስለሚፈልቅ፥ የላይኞቹ ክፍሎች መሪጌታ እንደሌለው ማኅሌት ተደበላልቀው በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ይርገበገባሉ እንጂ አይመቱም፤ የታችኞቹም ከዚያ ሁሉ ሁከት አልፎ የደረሳቸውን ያህል እየተቀበሉ፥ አንዴ ፈጥነው አንዴ ዘግይተው፥ ደንብ በሌለው አኳኋን ይመታሉ።

የልብ መርበትበቱና የትንፋሽ ማጠሩ ቢያስጨንቅም፥ የደዌው ዋና ጥፋት ከዚህ በተሰወረ ስፍራ ነው። በግራው የላይኛ ክፍል ጎን አንዲት ጠባብ ጓዳ አለች፤ ክፍሉ መኰማተሩን ሲተው ደም በዚያች ተኝቶ ይረጋል፥ የረጋውም ጓል ተፈንቅሎ ወደ አንጎል ሲወጣ የደም ሥር ይደፍንና፥ ጠዋት በጤና የተነሣውን ሰው እኩሌታ አካሉን አስሮ አንደበቱን ይዘጋበታል፤ ስትሮክ የሚባለው ይህ ነው። ልባቸው መታመሙን መጀመሪያ የሚሰሙት በዚሁ ቀን የሆኑ ብዙዎች ናቸው።

የነገሩን ልክ በማወቅ ረገድ ዓለም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ላለችው ለፍራሚንግሃም ከተማ ሕዝብ ባለዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በተጀመረው ጥናት 5,209 ወንዶችና ሴቶች ፈቅደው ተመዝግበው፥ በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ኖሩ፤ ከእነርሱም የተገኘው በ1978 የታተመ ውጤት፥ ደዌው ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታቱ ነገር ከሌለበት 5 እጥፍ፥ ደዌው ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲተባበር ግን 17 እጥፍ እንደሚሆን አስረዳ። ዕድሜው 40 ከሞላ ሰው መካከልም ከአራቱ አንዱ በቀሪ ዘመኑ ደዌው ያገኘዋል። ዕድሜን የሚከለክል መድኃኒት የለም፤ የደም ግፊት፥ ውፍረት፥ የስኳር በሽታ፥ የአረቄና የቢራ ብዛት፥ የእንቅርት ዕጢም ከመጠን በላይ መሥራት ግን በጊዜ ከተያዙ የሚገቱ ምክንያቶች ናቸው።

ያ 17 የሚለው ቊጥር ለአገራችን ይበልጥ ያሳስባል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ከበለጸጉት አገሮች እየጠፋ ሲሄድ በኢትዮጵያ ገና ሕፃናትንና ወጣት እናቶችን ይይዛልና፥ በሌላው ዓለም የሽማግሌ የሆነው ደዌ በእኛ ዘንድ በሠላሳ ዓመት ሴት ላይ ይገኛል። ሥሩ ጉሮሮ ነው፤ ሳይታከም ከቀረ የባክቴሪያ ቁስል በኋላ የሰውነት መከላከያ የገዛ ልቡን በሮች ያቈስላል፥ ቁስሉም ሲጠግግ በሩን ያጠብበዋል። በየገጠሩ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥሉን ሲቈረጥ ይታያል፤ ያ ምላጭ ግን ባክቴሪያውን አይነካውም፥ የደም መፍሰስን ይጨምራል እንጂ። የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው፤ አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅም ይህንኑ መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት ሊወጋ ይገባዋል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከገባ በኋላ ደምን ከመርጋት የሚጠብቀው ዋርፋሪን፥ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደም እየፈሰሳቸው ባለቁ የሰሜን አሜሪካ ከብቶች ምክንያት ታውቆ፥ አስቀድሞ የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጥቶ፥ ከ1954 ጀምሮ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ከሦስት ስትሮክ ሁለቱን ያህል ያስቀራል። ጎመን የሚበዛበት የጾም ወራት ሲገባ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማልና፥ የሚውጠው ሰው ጎመኑን ሳይተው መጠኑን በጾምም በፍስክም አንድ ዓይነት ያድርግ፥ ደሙንም በየጊዜው ያስመርምር። ይህን ምርመራ የማይሹ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ሆኖም በ2022 የወጣ ጥናት በሩማቲክ ለተጎዳ ልብ አሮጌው መድኃኒት ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ወይም ወላጆችህ 65 ዓመት ያለፋችሁ እንደ ሆነ፥ ሦስት ጣቶችህን ከአውራ ጣት በታች በእጅ አንጓ ላይ አሳርፈህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቊጠር፤ ምቱ ልክ የሌለው ሆኖ ካገኘኸው፥ ሕመም ባይሰማ እንኳ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደህ የልብ ኤሌክትሪክ (ኢሲጂ) ምርመራ እንዲደረግ ጠይቅ።